ለገሃርን ለፊልምና ለቅርጻ ቅርጽ ክፈቱልን

ይድረስ፦ የቀድሞውን የለገሃር ባቡር ጣቢያ በአደራ ለያዛችሁ ሁሉ፣ ለአዲስ አበባ ባህል፣ ኪነ ጥበብና ቱሪዝም ቢሮ፣ ለኢትዮጵያ ቅርስ ባለሥልጣን

ጤና ይስጥልን።

ጥያቄዬን አስቀድማለሁ፣ ምክንያቱን ከኋላ እዘረዝራለሁ። የለገሃሩ አሮጌ ባቡር ጣቢያ በየዓመቱ ለተወሰነ ጊዜ፣ ሁለት ወርም ቢሆን፣ ለዛሬ ፊልም ሠሪዎችና ቀራፂዎች ይከፈት። አዳራሹም፣ ባቡሩ ይቆምበት የነበረው መድረክም፣ ግቢውም። ሰው ከታክሲ ወርዶ፣ የጥሪ ወረቀት ሳይጠየቅ፣ ዘንቢሉን እንደያዘ ገብቶ አይቶ የሚወጣበት ቦታ ይሁን።

ስለ እድሳቱም ሆነ በዙሪያው ስለሚሠራው ግንባታ ልከራከር አልመጣሁም። ያ የራሱ ባለሙያዎች አሉት። የእኔ ነገር ከውስጥ ነው። ግድግዳው ከተጠበቀ በኋላ ውስጡ ምን ይደረግበታል? ብዙ ጊዜ መልሱ ወይ ቆልፎ ማስቀመጥ፣ ወይ ለሠርግና ለስብሰባ ማከራየት ይሆናል። ሦስተኛ መንገድ አለ ብዬ ነው የምጽፍላችሁ።

ማን እንደሆንኩ ባጭሩ ልንገራችሁ። ሥራዬ ፊልም ኤዲት ማድረግ ነው። ሠርግ እቆርጣለሁ፣ ማስታወቂያ እቆርጣለሁ፣ የቤት ኪራይ የሚከፈለው ከዚያ ነው። ማታ ማታ ደግሞ ከጓደኞቼ ጋር አጫጭር ፊልሞች እንሠራለን። 7 ደቂቃ፣ 12 ደቂቃ፣ አንዳንዶቹ ምንም ንግግር የሌላቸው። አንዱ ስለ መርካቶ ተሸካሚዎች ነው፤ የማንም ፊት አይታይበትም፣ እግርና መሬት ብቻ። እንዲህ ያለ ፊልም ሲኒማ ቤት አይገባም። ሲኒማ ቤቶቹን አልወቅስም፤ ትኬት ሸጠው ነው የሚኖሩት፣ ተመልካቹም ገንዘቡን ከፍሎ ከገባ በኋላ ሙሉ ፊልም አይቶ ስቆ ወይ አልቅሶ መውጣት ይፈልጋል። ዩቲዩብ ላይ ጫንነው። በስልክ፣ ታክሲ ውስጥ፣ ግማሹ ታይቶ አለፈ። ለትልቅ ግድግዳና ለጨለማ ብለን የሠራነው ነገር በመዳፍ ስፋት ሲታይ ያመኛል።

የቀራፂዎቹ ይብሳል። ፊልም ቢያንስ ፍላሽ ውስጥ ይገባል፣ ቅርጻ ቅርጽ ግን ቦታ ይፈልጋል። አንድ ጓደኛዬ ቀን ቀን በርና መስኮት የሚበይድ በያጅ ነው፤ በትርፍ ሰዓቱ ከምናለሽ ተራ በለቀመው ብረት ቅርጽ ይሠራል። ላሜራ፣ የተጣመመ ፌሮ፣ የአሮጌ መኪና ባሌስትራ፣ የወፍጮ ጥርስ። ሥራዎቹ እናቱ ግቢ ውስጥ በላስቲክ ተሸፍነው ቆመዋል። ክረምት በመጣ ቁጥር ዝገቱ ይገፋል፤ እናቱም «ልጄ፣ ይኼን ነገር መቼ ነው የምታነሳልኝ?» ይሉታል። ከሥራዎቹ ትልቁ ከ3 ሜትር በላይ ይረዝማል። የከተማችን ጋለሪዎች ብዙዎቹ መኖሪያ ቤት የነበሩ ናቸው፤ ግድግዳ ላይ ለሚሰቀል ሥዕል ደህና ናቸው፣ ይኼን ብረት ግን በራቸው አያስገባውም። አለ ፈለገ ሰላም የመሠረቱት የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ዛሬም ቀራፂ ያስመርቃል። ከምረቃው ዐውደ ርእይ በኋላ ያ ሁሉ ጂፕሰም፣ እንጨትና ብረት የት እንደሚገባ ተመራቂዎቹን ጠይቋቸው።

በዚህ ከተማ የሙከራ ፊልም ማየት የፈለገ ሰው ብዙ ጊዜ የሚሄደው ወደ ጀርመን፣ ወደ ፈረንሳይ ወይ ወደ ጣሊያን የባህል ማዕከላት ነው። እኔም ብዙ ነገር የተማርኩት እዚያ ነው፣ ውለታቸውን አልረሳም። ግን የራሳችንን ሥራ ለማየት ሁልጊዜ የሌላ አገር የባህል ማዕከል በር ማንኳኳት የለብንም። ሙከራዎችም አሉ። እዝራ ውቤ እ.ኤ.አ. በ2015 የመሠረተው የአዲስ ቪዲዮ አርት ፌስቲቫል ቪዲዮውን ከጋለሪ አውጥቶ ወደ ከተማው ቦታዎች ወስዶታል። ኤልያስ ስሜ እና መስከረም አሰግድ መካኒሳ ላይ በጭቃና በጭድ ያቆሙት ዞማ ሙዚየም ሕንፃው ራሱ ቅርጻ ቅርጽ ነው። ከመሀል ከተማ ግን ራቅ ይላል፤ ከሥራ ወጥቶ ወደ ቤቱ የሚሮጥ ሰው መንገዱ ላይ አያገኘውም።

አሁን አብረን ቸርችል ጎዳናን እንውረድ።

ከላይ፣ ከማዘጋጃ ቤቱ አጠገብ፣ ዓፄ ምኒልክ በፈረሳቸው ላይ ናቸው፤ ሐውልቱ በ1923 ዓ.ም. በዓፄ ኃይለ ሥላሴ የንግሥ በዓል ሰሞን የተመረቀ ነው። ወረድ ስንል ቴዎድሮስ አደባባይ፣ የሴባስቶፖል አምሳያ ይታያል። እዚያው አካባቢ ነው የከተማችን የመጀመሪያው ሲኒማ ቤት የነበረው፤ ሰው ግድግዳ ላይ የሚንቀሳቀሰውን ጥላ አይቶ ደንግጦ «ሰይጣን ቤት» ያለው። ቀጥለን ትግላችን ሐውልት ጋ እንደርሳለን፣ በ1977 የተመረቀው። ከዚያ ብሔራዊ ቴአትር። ጣሊያኖች ሲኒማ ማርኮኒ ብለው ጀምረውት ሳይጨርሱት ሄዱ፤ በ1948 ቴአትር ቤት ሆኖ ተከፈተ። ከፊቱ ትልቁ የድንጋይ አንበሳ ቆሟል። አምባሳደር ሲኒማም ከዚያ ብዙ አይርቅም። መጨረሻ ላይ፣ መንገዱ አልቆ ፊት ለፊት የሚዘጋው ጣቢያው ነው፤ ከፊቱም የይሁዳ አንበሳ።

ልብ በሉልኝ፣ ከላይ እስከ ታች ፊልምና ቅርጻ ቅርጽ ነው። እኔ ከሌላ ዓለም የመጣ ሐሳብ ይዤ አልቀረብኩም። ጎዳናው ከመቶ ዓመት በፊት የጀመረውን ነገር ጫፉ ላይ ያለው ሕንፃ ይቀጥልበት ነው የምለው።

የብሔራዊ ቴአትሩ አንበሳ ላይ ትንሽ ልቆይ። «የአሁን ዘመን ቅርጻ ቅርጽ ሕዝቡ አይገባውም» ለሚሉኝ ሰዎች ሁልጊዜ እሱን ነው የማሳያቸው። ፈረንሳዊው ቀራፂ ሞሪስ ካልካ ለንጉሠ ነገሥቱ የ25ኛ ዓመት የንግሥ በዓል ሲሠራው በወቅቱ በጣም አዲስ የሆነ አቀራረጽ ነበር። ደህና አድርጋችሁ እዩት እስቲ። ፀጉርና ጡንቻ እንደ እውነተኛ አንበሳ አልተቀረጸም። ማዕዘን ነው፣ ስንጥቅ ነው፣ ጠፍጣፋ ድንጋይ ነው። በ1948 መንገድ ላይ ሲቆም ያየው የአዲስ አበባ ሰው ስለ ዘመናዊ አቀራረጽ ያነበበው መጽሐፍ አልነበረም። ግን በየቀኑ አጠገቡ አለፈ። ዛሬ የሦስትና የአራት ትውልድ ሰው «አንበሳው ጋ እንገናኝ» ብሎ ተቃጥሯል፣ ተዋውቋል፣ ፎቶ ተነስቷል። ሥራው ለሰው የገባው በማብራሪያ ወረቀት አይደለም፤ አብሮት ስለኖረ ነው። የጓደኛዬ ብረት የሚያስፈልገው ይኼው ነው፣ የሚያልፍ ሰው። ለገሃር ላይ ደግሞ የሚያልፍ ሰው ሞልቷል። ታክሲው እዚያ ነው፣ አውቶቡሱ እዚያ ነው፣ የከተማው ቀላል ባቡርም እዚያ ይቆማል።

ወደ ጣቢያው ልመለስ። ታሪኩን ከእኔ በላይ ታውቁታላችሁ፤ ለሌላው አንባቢ ግን ባጭሩ ልበል። ዓፄ ምኒልክ ለስዊሱ አልፍሬድ ኢልግ የባቡር ሥራ ፈቃዱን የሰጡት በ1886 ነው። ሐዲዱ ድሬዳዋ የደረሰው በ1895፣ አዲስ አበባ ደግሞ በ1909። ዛሬ የምናየው የጣቢያ ሕንፃ በ1922 ተመረቀ። ዓፄ ኃይለ ሥላሴ በ1928 ወደ ስደት የሄዱት በዚህ መስመር ነው። ከጂቡቲ ወደብ እስከ መርካቶ ሱቅ የነበረው ንግድ በዚህ አለፈ። ስንትና ስንት ቤተሰብ ተሰነባበተበት፣ ተገናኘበት። አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር በ2009 ከከተማው ዳር፣ ከፉሪ ለቡ ሲጀምር ይኼኛው ጣቢያ ተሳፋሪ ካጣ ዓመታት አልፈውት ነበር።

ከፊቱ ያለው የይሁዳ አንበሳ የራሱ መንገድ ሄዷል። ጣሊያን ዘርፎ ሮም አቆመው። ዘርዓይ ደረስ በ1930 ሮም ላይ ሰይፍ የመዘዘው እሱን አይቶ ነው። አንበሳው ከጦርነቱ በኋላ ብዙ ቆይቶ ወደ ቦታው ተመለሰ። ለአንድ ቅርጽ ብሎ ሕይወቱን የሰጠ ሰው ያለን ሕዝብ ነን። ታዲያ ከዚያ አንበሳ ጀርባ ያለው በር ለአዲስ ቀራፂ ቢከፈት ክብሩን የሚቀንስ ሳይሆን የሚጨምር መስሎ ይታየኛል።

ጣቢያን ወደ ጥበብ ቤት መቀየር ሌላ ቦታ ተሞክሮ የሠራ ነገር ነው። የፓሪሱ ኦርሴ ሙዚየም እ.ኤ.አ. በ1900 የተከፈተ ባቡር ጣቢያ ነበር፤ በ1986 ሙዚየም ሆነ፣ መሀል አዳራሹ ላይ የተደረደረውም ቅርጻ ቅርጽ ነው። በርሊን ውስጥ ሃምቡርገር ባንሆፍ የሚባለው የድሮ ጣቢያ እ.ኤ.አ. ከ1996 ጀምሮ የዘመኑን ጥበብ ያሳያል፤ ፊልምና ቪዲዮ ጭምር። አፍሪካ ውስጥም ኬፕታውን ላይ ወደቡ ዳር የቆመ የእህል ጎተራ እ.ኤ.አ. በ2017 ዛይትስ የሚባለው የአፍሪካ ዘመናዊ ጥበብ ሙዚየም ሆኗል። የእኛም አገር እ.ኤ.አ. በ2024 ቬኒስ ቢዬናሌ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ የራሷን ድንኳን ስትከፍት የተስፋዬ ኡርጌሳ ሥዕሎች የተሰቀሉት ፓላዞ ቦላኒ በሚባል አሮጌ ቤት ውስጥ ነበር። የእኛን ሰው ሥራ የጣሊያን አሮጌ ቤት ከተቀበለው የእኛው አሮጌ ቤት ለምን አይቀበለውም?

እዚህም በር የተከፈተባቸው ቤቶች አሉ። የራስ ብሩ ቤት የአዲስ አበባ ሙዚየም ነው። የምኒልክ ግቢ ከ2012 ጀምሮ አንድነት ፓርክ ሆኖ ሰው ይገባበታል፤ ያ ይሆናል ብሎ ያሰበ ሰው እኮ ጥቂት ነበር። ሁለቱም ግን ያለፈውን ነው የሚያሳዩት። እኔ የምጠይቀው በዚያ ላይ አንድ እርምጃ ነው፦ አሮጌው ቤት ውስጥ ዘንድሮ የተሠራ ነገር ይታይ።

ፍርሃታችሁን አውቀዋለሁ፣ ግማሹ የእኔም ፍርሃት ነው። የጣይቱ ሆቴል ጥር 2007 ሲቃጠል የነበረውን ጭስ ያየ ሰው አሮጌ ቤት ውስጥ ገመድ መዘርጋት ቀላል ነገር ነው አይልም። እዚያው የነበረው የጃዝ ክበብ፣ ጃዝአምባም፣ አብሮ ነው የሄደው። ስለዚህ ቅድመ ሁኔታው ጥብቅ ይሁን። የቤቱን የድሮ የኤሌክትሪክ መስመር ማንም አይንካ፤ መብራቱ ከውጭ፣ በራሱ ማከፋፈያ፣ በራሱ ብሬከር ይግባ። ጄኔሬተር ከተፈለገ ግቢ ውስጥ፣ ከሕንፃው ራቅ ብሎ ይቁም። በየበሩ የእሳት ማጥፊያ ይኑር፤ አጠቃቀሙን የሚያውቅ ሰውም አጠገቡ ይቁም። አዳራሹ ውስጥ ብየዳ ክልክል፣ ሲጋራ ክልክል፣ ሻማ ክልክል።

ግድግዳ ላይ አንድ ሚስማር አይመታ። ቅርጽ ግድግዳ አያስፈልገውም፣ በራሱ ይቆማል። ፊልሙም ቢሆን በቱቦላሬ በተሠራ ፍሬም ላይ ነጭ ጨርቅ ተወጥሮ ይታያል፣ ሲያልቅ ተፈትቶ ይሄዳል። ከባድ ብረት ወለሉ ላይ ከማረፉ በፊት መሐንዲስ ይየው። ክብደቱን የሚያሰራጭ ጣውላ ከሥር ይነጠፍ፣ በጣም ከባዱ ደግሞ ውጭ ግቢ ላይ ይቁም። አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቋሚ ቅርስ ያለፈቃድ እንዳይነካ ይከለክላል፤ እኛም እንዲነካ አንፈልግም። ገብተን ስንወጣ ቤቱ እንደነበረ መገኘት አለበት። ከመግባታችን በፊትና ከወጣን በኋላ በፎቶ ይመዝገብ፣ የጎደለ ካለ እኛ እንክፈል።

የድምፅ ነገር ትንሽ ያስቸግራል። ከፍ ያለ ጣሪያና ጠንካራ ግድግዳ ድምፁን ይመልሰዋል፤ ሁለት ፊልም አጠገብ ለአጠገብ ቢከፈት ሁለቱም አይሰሙም። መፍትሔው ወፍራም መጋረጃና ንግግር የሌላቸው ፊልሞች ናቸው፣ እነሱ ደግሞ በብዛት አሉን። የጨለማ ነገር ግን አያስቸግርም። እኛ አገር ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ ከምሽቱ 12 ሰዓት ብዙም ሳትርቅ ነው የምትጠልቀው። ከ12 ሰዓት ተኩል እስከ 2 ሰዓት ተኩል ቢታይ ሰው ከሥራ ወጥቶ ይደርሳል፣ ታክሲም ሳይጠፋ ቤቱ ይገባል። ቀን ቀን ቅርጻ ቅርጹ በመስኮቱ ብርሃን፣ ሲመሽ ፊልሙ። አንድ አሮጌ ፉርጎ ጎን ላይ ጨርቅ ተወጥሮ ፊልም ሲታይ አስቡት፤ ተመልካቹ ባቡር ሲጠበቅበት በነበረው መድረክ ላይ ቆሞ።

ስለ ፈቃድ በግልጽ ልናገር። ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንድ አሮጌ ቤት ውስጥ ትንሽ ዐውደ ርእይ ልናደርግ ደብዳቤ ይዘን ዞረን ነበር። የትኛው መሥሪያ ቤት እንደሆነ መናገር አያስፈልግም። አንዱ ክፍል ወደ ሌላው መራን፣ ሌላው «ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው» አለን፣ ማህተም ሲገኝ ፊርማ ጎደለ። እምቢ ያለን ሰው የለም። እሺ ያለንም የለም። ቀኑ አለፈ፣ ከሌላ ከተማ ሥራውን ይዞ የመጣው ልጅ በአይሱዙ ጭኖ መለሰው። የኪራዩን ግማሽ እኛ አዋጣን፣ ግማሹን እሱ ተበደረ። ያ ልጅ ከዚያ በኋላ ትልቅ ሥራ ሠርቶ አላየሁም፤ ትንንሽ ነገር ነው የሚሠራው፣ በሻንጣ የሚገባ።

ስለዚህ የምለምናችሁ አንድ በር፣ አንድ ማመልከቻ፣ አንድ የመልስ ቀን ነው። መልሱ አይሆንም ከሆነም በጽሑፍ፣ ከነምክንያቱ ይሰጠን። ሥራ የሚመርጠው ኮሚቴ ውስጥ ቀራፂ ይኑር፣ ፊልም ሠሪ ይኑር፣ የቅርስ ባለሙያ ይኑር። ሕንፃውን የሚጎዳ ነገር ካለ የቅርስ ባለሙያው ቃል ይጽና። ሥራው ስለሚናገረው ነገር ግን ለሠሪውና ለተመልካቹ ተዉት። ሁሉም ሥራ ቆንጆ አይሆንም፣ የሚያናድድም ይኖራል። አንዳንዱን እኔም አልወደውም ይሆናል።

አንድ ነገር ደግሞ ከልቤ ነው። የምድር ባቡር ጡረተኞች አሉ። በዚያ ግቢ ዕድሜያቸውን የጨረሱ፣ ፈረንሳይኛ ከሥራ ላይ የለመዱ፣ የትኛው ፉርጎ ምን ይጭን እንደነበር በቃላቸው የሚያውቁ። ዐውደ ርእዩ ሲከፈት አስጎብኚዎቹ እነሱ ይሁኑ፣ ተገቢ ክፍያም ይከፈላቸው። ወጣቱ ብረቱን ሊያይ ይመጣና ስለ ሐዲዱ ሰምቶ ይሄዳል። አንድ አባት ደግሞ ስለ ሐዲዱ ሊያወሩ መጥተው የወጣቱ ሥራ ፊት ይቆማሉ፤ ምናልባትም ያ ባሌስትራ ከምን እንደተነቀለ ከቀራፂው ይልቅ እሳቸው ያውቁታል።

የመክፈቻ ፕሮግራም ላይ ሪባን፣ ንግግርና የተጠሩ እንግዶች ብቻ ሆነው ሌላው ሰው ከአጥር ውጭ ከቀረ ግን ባይደረግ ይሻላል። ሊስትሮውም ይግባ። ትምህርት ቤት የጨረሱት ልጆች በዩኒፎርማቸው ይግቡ። ጥበቃው በር ላይ የሚፈትሸው ለደኅንነት ይሁን እንጂ ለአለባበስ አይሁን።

መጀመሪያ ለሙከራ አንድ ጊዜ ይሁን። ከጥምቀት በኋላ ያሉት ሳምንታት ጥሩ ናቸው፤ ዝናብ የለም፣ በዓሉም አልፏል። 10 ቅርጻ ቅርጽና 10 አጭር ፊልም ይበቃል። ጨርቁን እኛ እንሰፋለን፣ ፍሬሙን ጓደኛዬ ይበይዳል፣ ፕሮጀክተር የሚያውሱን ሰዎች አሉ፣ ማታ ተራ ገብተን የምንጠብቅም አንጠፋም። ከእናንተ የምንፈልገው ቁልፉን፣ መሐንዲሱንና ፈቃዱን ነው።

ማመልከቻውን በየትኛው ቢሮ፣ ለየትኛው ክፍል እንደምናስገባ ብቻ አሳውቁን። የሥራዎቹን ፎቶ፣ የክብደታቸውን ዝርዝርና የአቀማመጡን ንድፍ አዘጋጅተናል፤ በቀጠራችሁን ቀን ይዘን እንቀርባለን።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የአዲስ አበባ ፊልም ኤዲተር፣ ከጓደኞቹ ጋር